ዓሣ ጌጥ አይደለም

አኳሪየም የቤት ጌጥ ነው የሚለው አመለካከት በጣም ከመለመዱ የተነሣ የሚከራከረው ሰው የለም። ሻጩም ገዢውም፣ ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የሚያቆመውም፣ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን የሚያስቀምጠውም በዚህ ይስማማሉ። ገንዳው ሲዘጋጅ የሚነሣው ጥያቄ «ያምራል ወይ?» የሚል ብቻ ነው። እንዲያምር ሰማያዊ ጠጠር ይነጠፍበታል፣ የፕላስቲክ ቅጠል ይተከልበታል፣ የተሰበረ መርከብ ቅርጽ ይቀመጥበታል። ከዚያ በቀለማቸው የተመረጡ፣ አንዱ ከአማዞን ሌላው ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ስድስት ሰባት ዓይነት ዓሦች ባንድ ውሃ ይለቀቃሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንዱ ይሞታል፣ ቀጥሎም ሌላው። ባለቤቱ ሌላ ገዝቶ ይተካል። «ዓሣ መቼስ ዕድሜ የለውም» ይባላል።

ዓሣ ዕድሜ አለው። በክብ ብርጭቆ ውስጥ በወራት የሚያልቀው ወርቃማው ዓሣ በአግባቡ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ዕድሜውን ያሳጠረው እኛ ጌጥ ነው ብለን ማመናችን ነው። ለጌጥ የተገዛ ነገር የት ቢቀመጥ እንደሚያምር ይታሰብለታል እንጂ ምን እንደሚፈልግ አይጠየቅም። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህንኑ እምነት ነው። ገንዳ መዘጋጀት ያለበት ለዓሣው ኑሮ ነው። ለዓሣው ኑሮ የተዘጋጀ ገንዳም ለተመልካቹ ከየትኛውም ጌጥ የበለጠ ይሰጣል። ለምስክርነት የምጠራው ማንም በውበቱ የማይመርጠውን፣ ከጣት የማይረዝም ግራጫ ዓሣ ነው።

አገሩ ታንጋኒካ ሐይቅ ነው። ቡሩንዲ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ የሚጋሩት ይህ ሐይቅ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ክንፍ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ይደርሳል፤ ከዓለም ሐይቆች በጥልቀት የሚበልጠው የሳይቤሪያው ባይካል ብቻ ነው። ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር በመሆኑ ዓሦቹ እዚያው ተለያይተው፣ እዚያው አዲስ ዝርያ እየሆኑ ኖረዋል። ሲክሊድ ከሚባለው ቤተሰብ ብቻ ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉበት፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ሐይቅ በቀር የትም የሉም። ቤተሰቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ወጥቶ ማዕዳችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ያቺ ቆሮሶ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿ አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ የሚገቡላት እናት ናት። እኛ በልተን እናውቃታለን፤ ስትኖር ግን አይተናት አናውቅም።

ወደ ታንጋኒካ ልመለስ። ኒዮታውማ የሚባል፣ እዚያ ብቻ የሚገኝ ቀንድ አውጣ አለ። ሲሞት ዛጎሉ አይጠፋም። የሐይቁ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.5 እስከ 9 ግድም በመሆኑና ማዕድንም ስለሚበዛበት ዛጎሉን አያሟሟውም። በዚህ ምክንያት ባዶ ዛጎል በባዶ ዛጎል ላይ እየተከመረ በአንዳንድ ቦታ የሐይቁን ወለል ሸፍኖታል፤ ከ1,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዛጎሎችም ተገኝተዋል። በዚያ ገላጣ ወለል ላይ ትንሽ ዓሣ ከአዳኝ የሚሸሸግበት ሌላ ነገር የለም። ስለዚህ በርከት ያሉ የሲክሊድ ዝርያዎች ዛጎሉን ቤታቸው አደረጉት። ይተኙበታል፣ ይሸሹበታል፣ ዕንቁላላቸውን ይጥሉበታል፣ ጫጩቶቻቸውን ያሳድጉበታል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው በሳይንስ ስሙ ኒዮላምፕሮሎገስ መልቲፋሲያተስ፣ በአርቢዎች አፍ ደግሞ «መልቲ» የሚባለውን ነው። ወንዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሴቷ ታንሳለች። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ሰንበር አለው፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው፣ በቃ። ሱቅ ውስጥ ከቀይና ከቢጫ ዓሦች ጎን ቢቀመጥ ዓይን የሚጥልበት የለም። ነገር ግን መልቲ መንደር የሚመሠርት ዓሣ ነው። ጥቂት ወንዶች፣ በርከት ያሉ ሴቶችና በየዕድሜው ያሉ ልጆች ባንድ የዛጎል ክምር ይኖራሉ። እያንዳንዱ አዋቂ የራሱን ዛጎል ያውቀዋል፤ ደጁን ይጠብቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጋፋል። አዲስ ጫጩት ሲወጣ ታላላቆቹ አይባረሩም፤ የመጀመሪያው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ልጅ አንድ ሜዳ ላይ አብረው ይለቅማሉ። ሽራዲንና ላምፕሬክት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ሴቶቹ ሲጣሉ ወንዱ እንደ ሰፈር ሽማግሌ መሐል እየገባ እንደሚገላግልና ይህም አዲስ የመጣች ሴት በቡድኑ ውስጥ እንድትቆይ እንደሚረዳት አሳይተዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመሶብ ክዳን በማይሰፋ ቦታ ላይ ነው።

ደግሞ ይቆፍራሉ። አሸዋውን በአፍ እየሞሉ ወስደው ይተፉታል፣ በጅራት ይገፉታል፣ ዛጎሉ እስኪወጣና ዙሪያው ጉድጓድ እስኪሆን ድረስ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ማታ ያያችሁት ሜዳ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያ ዓሣ ቤት ሠሪ ነው፤ መሬቱን በሚፈልገው መልክ ያበጃል።

አሁን ይህንኑ ዓሣ ጌጥ ተብሎ በተዘጋጀው ገንዳ ውስጥ አስገቡት። ጠጠሩ ከአፉ ስለሚበልጥ መቆፈር አይችልም። ዛጎል ቢኖር አንድ ወይም ሁለት፣ ለመልክ ተብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ነው። ከላዩ አሥር እጥፍ የሚበልጡት ዓሦች ሲመላለሱ ስለሚውሉ ደጁ ላይ መቆም አይደፍርም። ተደብቆ ይውላል። ሻጩም ገዢውም ይህን አይተው «ድብቅ ነው፣ አይታይም፣ አሰልቺ ነው» ይላሉ። የሚሠራው ሥራ ሁሉ ተወስዶበት ሥራ የለውም ተብሎ ይወቀሳል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ፍርድ የለም።

እንግዲህ ገንዳው የሚዘጋጀው ከመልቲ ኑሮ ተነሥቶ ነው። ወለሉ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፋል፤ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ቢጨምርም ይሻላል። ከአሸዋው ላይ ዛጎል ይፈሳል፤ ተቆጥሮ ተሰልፎ አይደለም፣ ተከምሮ ነው። ለእያንዳንዱ ዓሣ ሦስት ዛጎል ቢደርስ ጠብ ይቀንሳል፣ ልጆቹም ቤት አያጡም። የኒዮታውማ ዛጎል እንደ ልብ አይገኝም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ አርቢዎች ፈረንሳዮች የሚመገቡትን ትልቁን የየብስ ቀንድ አውጣ ዛጎል ቀቅለውና አጥበው ይጠቀማሉ፣ ዓሦቹም ያለ ማንገራገር ይቀበሉታል። የተቀባ ወይም ቫርኒሽ የተለቀለቀ የጌጥ ዛጎል ግን ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። እንጨትም አይገባም፤ ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ይስበዋል፣ ይህ ደግሞ የታንጋኒካ ዓሣ ከለመደው ውሃ ተቃራኒ ነው። ተክል ትከሉ ካላችሁም ትከሉ፣ ነቅለው ይጥሉታል። ማጣሪያው በኤር ፓምፕ የሚሠራው የስፖንጅ ዓይነት ቢሆን ጫጩት አይስብም። የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ የአዲስ አበባን ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ማሞቂያ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል።

የገንዳው ቅርጽ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጌጥ አስተሳሰብ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ነው። ቁመት ያለው ቀጭን ገንዳ ከሩቅ ያምራል፤ እንደ አበባ ማስቀመጫ ያለ ግርማ አለው። ለዛጎል ነዋሪ ዓሣ ግን ከወለሉ አንድ ስንዝር በላይ ያለው ውሃ አየር ማለት ነው፤ አይኖርበትም። የሚፈልገው ስፋት ነው። ለመልቲ 60 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወለል ጥሩ መነሻ ነው። ይህን ስል ወዲያው የሚመጣብኝ መልስ አውቃለሁ፤ «ዓሣው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የ15 ወይም የ20 ሊትር ሳጥን ትበቃዋለች።» ትንሽ ዓሣ ለትንሽ ገንዳ። ይህ ምክር ለጀማሪ እንደ በጎ ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ምክር ነው።

ምክንያቱ በኬሚስትሪ ይገለጻል። የዓሣ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ነው የሚገኘው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው የዓሣን ስንጥብ የሚያቃጥል መርዝ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው በዋናነት ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ 8.5 ሲሆን ወደ 15 በመቶ፣ 9 ሲደርስ ከሲሶ በላይ ይሆናል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በተራ ገንዳ ውስጥ ዓሦችን ሳይገድል የሚያልፍ ቆሻሻ በታንጋኒካ ዓይነት ውሃ ውስጥ መርዝ ነው። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አንድ ቁንጥር ምግብ ያለ አግባብ ቢጨመር ውሃው ባንድ ሌሊት ይለወጣል። መልቲ ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ የሚፈልገው ውሃ ግን ስሕተትን የማይምር ውሃ ነው። ስሕተትን የሚያለዝበው የውሃ ብዛት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ፤ ትዕግሥት። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በእነዚያ ሳምንታት ገንዳው ውስጥ ዓሣ መኖር የለበትም። አሸዋ፣ ዛጎል፣ ውሃና ለባክቴሪያው የሚሆን ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ ብቻ። በጌጥ እምነት የሚያምን ሰው ይህን ሊታገሥ አይችልም፤ ጌጥ የሚገዛው እንግዳ ሊመጣ ሲል፣ የሚቀመጠውም በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ገንዳ ይገዛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዓሣ ይገባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል። ይህ የባለቤቱ ክፋት አይደለም። ማንም አልነገረውም፤ የሸጠለት ሰውም ዓሣ በሞተ ቁጥር ሌላ ይሸጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው አንድ አምስተኛውን ገደማ መለወጥ፣ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን ማስወገድ፣ ምግብ በጥቂቱ መስጠት። ስለ ፒኤች ቁጥር የሚጨነቁም አሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በየቀኑ ዱቄት እየጨመሩ 9 ላይ ለመድረስ ከሚታገሉ 8 ላይ ጸንቶ የሚቆይ ውሃ ይሻላል። ከኮራል ወይም ከአራጎናይት የተገኘ አሸዋ ይህን ጽናት ይሰጣል፤ ዛጎሎቹም ጥቂት ያግዛሉ።

የማደባለቅ ልማድ በራሳቸው በዛጎል ነዋሪዎች ላይም ሲፈጸም አያለሁ። «ሁሉም ዛጎል ውስጥ ነው የሚኖሩት» ተብሎ ሦስት ዝርያ ባንድ ገንዳ ይገባል። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ብሬቪስ የሚባለው ባልና ሚስት ሆኖ ባንድ ዛጎል ይገባል። ኦሴላተስ ዛጎሉን አፉን ወደ ላይ አድርጎ አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ግዛቱን እስከ ጣት መንከስ ድረስ ይከላከላል፣ የመልቲን መንደርም ያጠፋል። ካሊፕቴረስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ወንዱ ዛጎል እየለቀመ፣ ከሌላው ወንድ እየቀማ ጭምር በአፉ ተሸክሞ ይሰበስባል፤ ሴቶቹ መጥተው በሰበሰበው ውስጥ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሴቷ ከአሥር እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ዛጎሉ ውስጥ መግባት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። በዚያው ዝርያ ውስጥ በውርስ ድንክ ሆነው የሚወለዱ ወንዶችም አሉ፤ የትልቁን ወንድ ጥበቃ አልፈው ሴቷ ያለችበት ዛጎል ውስጥ ይገቡና ዕንቁላሉን ያዳብራሉ። ይህ ሁሉ ታሪክ ያለው ዓሣ መልኩ ቡናማ ነው። በቀለም የሚመርጥ ሰው አንድም ቀን አያየውም።

«ግራጫ ዓሣ በነጭ አሸዋ ላይ ማን ቁጭ ብሎ ያያል?» ለሚለው መልሴ ይህ ነው፤ ሰዎች ያያሉ። ባማረ ገንዳ ፊት እንግዳ «ያምራል» ብሎ ወደ ወሬው ይመለሳል። በመልቲ ገንዳ ፊት ጥያቄ ይጀምራል፤ ይቺ ለምን ያንን አባረረችው? አሸዋውን ወዴት ነው የምትወስደው? ያ ነጥብ የሚያህለው ልጇ ነው? ልጆች ደግሞ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ቀለም ባንድ ጊዜ ታይቶ ያልቃል፤ ኑሮ ግን ነገም የሚከተሉት ነገር አለው።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ከጌጥ ወዳዱ ሳይሆን ለእንስሳ ከሚያዝነው ሰው የሚመጣ። «ይህን ያህል ካሰብክለት ለምን ሐይቁ ውስጥ አትተወውም?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ዞር ልልበት አልፈልግም። ሐይቁ ራሱ ግን ሰላም አላደረም። ካትሪን ኦሬይሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳዩት የታንጋኒካ ውሃ መሞቅ ከታች ያለው ንጥረ ምግብ ወደ ላይ እንዳይወጣ አድርጎ የሐይቁን ምርታማነት ወደ 20 በመቶ ቀንሶታል። ከተራቆተው ተዳፋት በጎርፍ የሚወርደው ደለል ደግሞ የዳርቻውን ሕይወት ያፍናል፤ የዛጎል ወለል በደለል ከተሸፈነ መንደሩ አለቀ። የቤት ገንዳ ይህን አያድንም፤ አድናለሁ ብሎ የሚናገር አርቢ ሰውን ያታልላል። ገንዳው ማድረግ የሚችለው ዓሣውን ማሳወቅ ነው፤ በጌጥነት የሚታይ ዓሣ ደግሞ አይታወቅም።

ከሐይቁ የመውሰድን ነገር በተመለከተ መልቲ ራሱ መልስ ይሰጣል። ያለ ምንም ማባበያ በቤት ገንዳ ይራባል፤ ስድስት ዓሣ የገዛ ሰው ሁኔታው ከተመቻቸላቸው በዓመቱ ለሌላው የሚያካፍለው አያጣም። ስለዚህ ከሐይቅ የተያዘ መልቲ ለመግዛት ምክንያት የለም። ሻጩን ዓሣው የት እንደተወለደ ጠይቁት፤ መመለስ ካልቻለ ትታችሁት ውጡ። ሲበዙባችሁ ለሌላ አርቢ ስጡ፣ የሚወስድ እስኪገኝም ሁለተኛ ገንዳ አዘጋጁ። ወንዝም ሐይቅም ውስጥ ፈጽሞ አትልቀቁ። ጣና ሌላ የትም የማይገኙ ከ10 በላይ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች አሉት፤ ከሰው ሳሎን የወጣ ዓሣና ከእሱ ጋር የሚመጣ በሽታ አያስፈልጋቸውም።